ፋፍሳው ተሞልቶ ገንዘቡ ለምን ይቀራል?

ጥያቄው፦ «በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆችና ጎልማሶች ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) በመሙላት አግዛለሁ። ፎርሙን በአንድ ሰዓት እንጨርሰዋለን፤ ነገር ግን ባለፈው መስከረም ለብዙዎቹ ገንዘቡ ሳይመጣ ትምህርት ተጀመረ። ሦስቱ እስካሁን እንደተንጠለጠሉ ናቸው። አንደኛው የ21 ዓመት ልጅ ነው፤ በዲቪ መጥቶ ከአጎቱ ጋር ይኖራል፣ ወላጆቹ ጎንደር ናቸው። ሁለተኛዋ 18 ዓመቷ ነው፤ እናቷ ኡበር ትነዳለች፣ አባቷ ፕሮሰሱ አላልቅለት ብሎ ገና አገር ቤት ነው። ሦስተኛዋ አገር ቤት በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቃ እዚህ ነርሲንግ የጀመረች የልጅ እናት ናት። ምን እያጠፋን ነው?»

ምላሽ፦

ፎርሙ አላስቸገራችሁም፤ ዛሬ ብዙም ሰው አያስቸግርም። ፋፍሳ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በጣም አጥሯል፤ የታክሱንም ቁጥር ሲስተሙ ራሱ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ያመጣል። ተማሪዎች የሚሰናከሉት ከፎርሙ በፊትና ከፎርሙ በኋላ ነው። በፊት፣ ማን «ወላጅ» ተብሎ መፈረም እንዳለበት ሳይጣራ ይገባበታል፤ ስምና የልደት ቀንም ከሶሻል ሴኩሪቲው መዝገብ ጋር አይገጥምም። በኋላ ደግሞ ኮሌጁ የሚልከውን መልእክት የሚከታተል ሰው አይኖርም። የእርስዎ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ችግር ስላላቸው ለየብቻ እመጣባቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ለሁሉም የሚሠራውን ላስቀድም።

ተማሪውም፣ ፈራሚ የሆነው ወላጅም፣ ካለና ታክሱን አንድ ላይ ካልሠሩ የትዳር ጓደኛም፣ እያንዳንዳቸው ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ የየራሳቸውን አካውንት መክፈት አለባቸው። አንድ ኢሜይል ለሁለት ሰው አይሆንም። አጋዦች በቅን ልቦና በብዛት የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው፦ እናትየዋ ኢሜይል ስለሌላት በልጇ ኢሜይል ይከፍቱላታል፤ ወይም ራሳቸው ከፍተው የይለፍ ቃሉን በራሳቸው ስልክ ይይዙታል። አካውንቱ እንደ ፊርማ የሚቆጠር ሕጋዊ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ሊከፍተውም ሆነ ሊገባበት አይፈቀድም። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚያስፈልግ፣ ያኔ ይለፍ ቃሉ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ በራሳቸው ስልክ ያስከፍቷቸው፤ ኢሜይል ከሌላቸው መጀመሪያ እሱን ይክፈቱ። የተጠቃሚ ስሙን፣ ኢሜይሉንና ሲከፈት የተሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ ቤተሰቡ በራሱ ደብተር ጽፎ ይዞ ይሂድ።

ስም የሚጻፈው ሶሻል ካርዱ ላይ ባለው መልክ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ። የእኛ ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይዞ መጥቶ ካርዱ ላይ የአባቱ ስም አንድ ጊዜ መካከለኛ፣ ሌላ ጊዜ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። እናትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም መያዛቸው ችግር አይፈጥርም፤ «እንግዳ ይመስላል» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አገር ቤት በኛ አቆጣጠር የተመዘገበ ቀን ወደ ፈረንጁ ሲመለስ የተሳሳተባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ትክክለኛውን ቀን እናውቃለን ተብሎ ያ ቢጻፍ ፎርሙ አይገጥምም፤ ካርዱና ግሪን ካርዱ የሚሉት ይጻፍ። መዝገቡ ስህተት ከሆነ የሚታረመው ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው፤ ፋፍሳ ላይ አይደለም። የግሪን ካርዱ ኤ-ነምበር ስምንት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምራችሁ ዘጠኝ አድርጉት።

ሶሻል የሌለው ወላጅ «ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለኝም» የሚለውን መርጦ አካውንት መክፈት ይችላል። የአይቲን ቁጥር (ሶሻል ለሌላቸው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ካለው በሶሻሉ ሳጥን ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ፎርሙ ለእሱ ሌላ ቦታ አለው። ፋፍሳ የወላጅን የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የተማሪውን ነው። ሆኖም ሶሻል የለኝም ማለት በራሱ የሚናገረው ነገር አለና፣ ወረቀት የሌለው ወላጅ ያለበት ቤተሰብ ቢያመነታ «ምንም አትሆኑም» ብላችሁ አትግፉት። ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይወስን።

እያንዳንዱ ፈራሚ ታክሱ ከአይአርኤስ እንዲመጣ ፈቃድ መስጠት አለበት። ታክስ ያልሠራ ሰውም ጭምር ፈቃዱን ይሰጣል። አንድ ሰው «አልፈቅድም» ካለ ተማሪው ከፌዴራሉ ድጋፍ ምንም አያገኝም። ወላጆች የባንክ ዝርዝራቸው የሚታይ እየመሰላቸው እዚህ ላይ ይፈራሉ፤ የሚመጣው ግን የታክስ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ መሆኑን በአማርኛ ማስረዳት የእናንተ ትልቁ ሥራ ነው። ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው፤ የቅርብ ጊዜውን ወረቀት ይዘው የሚመጡ አሉና አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

ወላጆቹ ጎንደር ያሉት ልጅ

ግሪን ካርድ ስላለው እሱ ራሱ ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ ነው። ጥያቄው በወላጅ ሥር ይቆጠራል ወይስ ራሱን የቻለ ነው የሚለው ነው። ለ2026–27 ከጃንዋሪ 1፣ 2003 በፊት የተወለደ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ግን ካላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ከሌለው፣ ወታደር ካልነበረ፣ ከ13 ዓመቱ በኋላ ወላጅ አልባ ካልሆነ ወይም በፍርድ ቤት ሞግዚት ካልተሾመለት፣ በአብዛኛው በወላጅ ሥር ነው። እየሠራ የራሱን ኪራይ መክፈሉ፣ ወላጆቹም አምስት ሳንቲም አለመላካቸው ይህን አይለውጠውም። ሕጉ እኛ እንደምናየው አያየውም፤ ስለዚህ ልጁ «እኔ ማንም የለኝም» ሲል ሰምታችሁ ራሱን የቻለ ብላችሁ እንዳትሞሉ።

አጎት ወላጅ አይደለም። ቤቱ ቢያኖረው፣ ቢያበላው፣ ለቪዛው የድጋፍ ፎርም ቢፈርምለትም አይደለም። ወላጅ ማለት የወለደ ወይም በሕግ ጉዲፈቻ የወሰደ ነው፤ የእንጀራ አባት ወይም እናት የሚቆጠሩትም ወላጁን አግብተው ከሆነ ብቻ ነው። ልጁ የተንጠለጠለው የአጎቱ ስምና ገቢ ስለገባ ከሆነ ፎርሙ በእርማት ይከፈት፤ አጎቱ ይውጣ፤ ወላጅ ይጋበዝ።

ወላጆቹ ከጎንደር ሆነው አካውንት መክፈት ይችላሉ። ሁለቱም ሊጠየቁ ስለሚችሉ ለሁለቱም አዘጋጁ። አድራሻቸው የኢትዮጵያው ይሁን፤ የማረጋገጫ ኮዱ በኢሜይል እንዲመጣ ይመረጥ። ኮዱ ቶሎ ስለሚያልፍበት ነገሩ በስልክ መስመር ላይ ሆኖ አብሮ የሚሠራ ነው። በአሜሪካ ብርድ ወራት (ከኖቬምበር እስከ ማርች) ስምንት ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ ሰባት ሰዓት ይቀድሙናልና ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ስትጀምሩ እዚያ አመሻሽ ነው፤ ለእነሱም ይመቻል። ኔትወርክ የሚቆራረጥ ከሆነ ፒዲኤፉን አትሞ በወረቀት መሙላትና በፖስታ መላክም ይቻላል፤ ግን በጣም ይዘገያል። ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ይያዝ።

ገቢያቸው የአሜሪካ ታክስ ላይ ስለሌለ የውጭ አገር ገቢ ተብሎ በእጅ ይገባል፤ በብር ሳይሆን በዶላር። ምንዛሬው ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ያለው ይሁን። ብር ከጁላይ 2024 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለተለቀቀ፣ ድሮ በምናውቀው በ50ዎቹ ቤት አካፍሎ መጻፍ የወላጆቹን ገቢ ከእጥፍ በላይ ያሳብጠዋል። ይህን ስህተት በጥንቃቄ ፈልጉት። በትክክል ሲመነዘር የመምህር ወይም የገበሬ ገቢ በዶላር ትንሽ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ፔል (የማይመለሰውን የፌዴራል ድጋፍ) ያስገኛል።

ወላጆቹን በእውነት ማግኘት የማይቻል ከሆነስ? ልጁ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የመጣ፣ ቤተሰቡ የተበተነበት፣ የተጣለ ወይም በደል ሸሽቶ የወጣ ከሆነ፣ ፎርሙ ላይ «ያልተለመደ ሁኔታ አለብኝ» የሚል ምርጫ አለ። ያን ከመረጠ ያለ ወላጅ ፊርማ ፎርሙን ያስገባል፤ ለጊዜውም ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። የመጨረሻውን የሚወስነው የኮሌጁ ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ነው። ቢሮው ልጁን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፤ ሁኔታውን የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የነፍስ አባት፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሶሻል ወርከር ወይም ጠበቃ፣ የጻፈውን ደብዳቤም ይቀበላል። ደብዳቤው «ጨዋ ልጅ ነው» የሚል ምስክርነት አይሁን። ከመቼ ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር እንደተለያየ፣ ለምን፣ ጸሐፊው ይህን እንዴት እንዳወቀ በቀንና በቦታ ይናገር። ወላጆች ሩቅ አገር መሆናቸው ወይም ድሃ መሆናቸው ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይደለም። ሊገኙ እየቻሉ አንፈርምም ላሉ ወላጆችም የሚተርፈው የመንግሥት ወለድ ድጎማ የሌለው ሎን ብቻ ነው።

እናቷ ኡበር የምትነዳው ልጅ

እዚህ ቤት ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው የትዳር ሁኔታ ነው። እናትየዋ ታክሷን የሠራችው «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ቤተሰቡን ብቻዋን የምታስተዳድር) ብላ ይሆናል፤ ፋፍሳው ላይም ያላገባች ወይም የተለየች ተብሎ ሊሆን ይችላል። ባል በቪዛ መዘግየት አገር ቤት መቅረቱ መለያየት አይባልም። ትዳሩ ካለ «ያገባች» ነው የሚባለው፤ ታክሱን ከባሏ ጋር አንድ ላይ ካልሠሩ ደግሞ እሱም ፈራሚ ሆኖ ይጋበዛል፤ አካሄዱ ከላይ ለጎንደሮቹ እንዳልሁት ነው። ትዳሩ በእውነት አብቅቶ ከሆነ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ባይኖርም «የተለያየች» ይባላል። በተፋቱ ቤተሰቦች ዘንድ ፈራሚው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ ብዙ ወጪ የሸፈነው ወላጅ ነው፤ ልጁ አብሮት የሚኖረው የሚለው የድሮው ደንብ ቀርቷል። ታክሱ አንድ ነገር፣ ፋፍሳው ሌላ ነገር ሲናገር ኮሌጁ ነገሩ እስኪጣራ ገንዘቡን ማገድ ግዴታው ነው። የእናንተ ልጅ እዚያ ላይ ሳትቆም አልቀረችም።

ሁለተኛው ስኬጁል ሲ፣ ማለትም በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚሞሉት የታክስ ፎርም ነው። ኡበር፣ ታክሲ፣ ጽዳት፣ ፀጉር ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ገቢያቸው በዚያ ፎርም ይገባል። ቤተሰቡ ከ60,000 ዶላር በታች የተስተካከለ ገቢ ካለውና ታክሱ ቀላል ከሆነ ስለ ንብረት አይጠየቅም። ነገር ግን በስኬጁል ሲ የተጣራው ትርፍ ወይም ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ታክሱ «ቀላል» መሆኑ ይቀራል፤ የንብረት ጥያቄዎቹም ይመጣሉ። ከዚህ የሚያድኑ ሁለት ነገሮች አሉ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በ2024 ወይም በ2025 ፉድስታምፕ፣ ሜዲኬይድ፣ ዊክ፣ ኤስኤስአይ፣ የቤት ኪራይ ድጎማ ወይም የትምህርት ቤት ነፃ ምሳ አግኝቶ ከሆነ ጥያቄዎቹ ይቀራሉ። ይህን ሳጥን ከኀፍረት የተነሣ ባዶ የሚተዉ ወላጆች አሉ፤ ለብቻቸው፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቋቸው። ሌላው፣ በገቢያቸው ብቻ ሙሉ ፔል የሚያገኙ ሰዎች ንብረታቸው አይቆጠርም።

ይህ ሁለተኛው በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ለ2026–27 የሚያገለግለው የ2024 የድህነት መስመር ለአራት ሰው ቤተሰብ 31,200 ዶላር ነው። ያገቡ ወላጆች ገቢ ከዚያ 175 በመቶ፣ ማለትም 54,600 ዶላር ካላለፈ ልጁ ሙሉ ፔል፣ በዓመት 7,395 ዶላር ያገኛል። ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ መስመሩ 225 በመቶ፣ 70,200 ዶላር ነው። ያላገባች ተብሎ በስህተት መሞላቱ ችግር የሚያመጣው ለዚህም ነው፤ መስመሩን ያላግባብ ከፍ ያደርገዋል። ከመስመሩ በላይ ያሉት በኤስኤአይ (ቤተሰቡ መክፈል ይችላል ተብሎ ከፋፍሳው በሚወጣው) ቁጥራቸው ይሰላል፦ ከ7,395 ላይ ኤስኤአዩ ተቀንሶ የቀረው ፔላቸው ነው። በዚህ ስሌት ባይደርሳቸው እንኳ ያገቡ ወላጆች እስከ 275 በመቶ፣ ለአራት ሰው እስከ 85,800 ዶላር ድረስ ትንሹን ፔል፣ 740 ዶላር ያገኛሉ። ስለዚህ «ሁለታችንም እንሠራለን፣ ለእኛ አይሰጥም» ብለው ፎርሙን ሳይሞሉ የሚቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል።

ንብረት ከተጠየቀ የሚኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባ አይቆጠሩም። አዲስ አበባ የተገዛ ኮንዶሚኒየም ወይም የሚከራይ ቤት ግን ይቆጠራል፤ ዋጋው በዶላር ተመንዝሮ፣ ዕዳው ተቀንሶ ይጻፋል። ብዙ ሰው አገር ቤት ያለው ንብረት እዚህ አይመለከትም ብሎ ያምናል፤ ፎርሙ አገር አይለይም። የባንክ ሒሳቡ የሚጻፈው ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ያለው ነው። እቁብ የደረሰበት ሳምንት ከሆነ ያ ሁሉ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለታሰበለት ዕዳ ወይም ኪራይ ከተከፈለ በኋላ መሙላት ያዋጣል፣ ሕጋዊም ነው። ለእናትና አባት ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከገቢው አይቀነስም፤ አብረው የማይኖሩ አያቶችም በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ደንቡ ግን ይኸው ነው።

የእናትየዋ ገቢ ከ2024 ወዲህ ከወደቀ፣ ለምሳሌ መኪናው ተገጭቶ ወይም ታምማ ሥራ ካቆመች፣ ፎርሙ ላይ ያለውን ቁጥር አትንኩት። መጀመሪያ እንዳለ ይግባ፤ ከዚያ ኮሌጁ «የሁኔታ ለውጥ» ማመልከቻ ይሰጣል። ከኡበር የወጣ የወር ገቢ ዝርዝር፣ የሐኪም ወይም የኢንሹራንስ ወረቀት ይያያዝ። ኮሌጁ ገቢውን የማስተካከል ሥልጣን አለው፤ ግን ካልተጠየቀ አያደርገውም።

ዲግሪ ያላት እናት

እዚህ ላይ ቁርጡን መንገር ይሻላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም። ዲግሪው የአገር ቤት መሆኑ፣ እዚህ ሥራ አለማስገኘቱ፣ አለመተመኑ አይለውጠውም። ፎርሙ በግልጽ ይጠይቃል፤ «የለኝም» ብሎ መመለስ ደግሞ ያገር ቤቱን ትራንስክሪፕት ክሬዲት ለማስያዝ ባመጣችበት ቀን ይጋለጣል፤ የወሰደችውንም ትመልሳለች። በስህተት «የለኝም» ተብሎ ከሆነ ዛሬውኑ ይታረም። ዲፕሎማ ወይም የመምህራን ኮሌጅ ሰርተፍኬት ብቻ ያለው ሰው ግን ዲግሪ የለውም፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ይህ ማለት በር ተዘጋ ማለት አይደለም። ፎርሙ አሁንም ይጠቅማታል፤ ዎርክ-ስተዲ (እየተማሩ የሚሠሩት፣ ደመወዝ ያለው የድጋፍ ሥራ) እና ሎን (ብድር) በእሱ ነው የሚገኙት፤ የኮሌጁ ፋውንዴሽን የሚሰጠውም ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ፋፍሳውን ያያል። የካውንቲው የሥራ ማዕከል ለነርሲንግ ረዳትና ለመሳሰሉት ሥልጠናዎች የሚከፍልበት የፌዴራል ገንዘብ አለ፤ የቀደመ ዲግሪም አያስከለክልም። ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎችም ሠራተኛቸው ነርሲንግ ሲማር ክፍያውን የሚጋሩበት ውል አላቸው፤ ከምርቃት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው መሥራትን ይጠይቃል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓመት የነርሲንግ መግቢያ ኮርሶቹን ከኪስና ከስኮላርሺፕ እየከፈለች ጥቂት ጥቂት እንድትወስድ፣ ሎኑን ወደ ክሊኒካሉ ዓመት እንድታቆየው እመክራታለሁ። በዚያ ጊዜ ሥራ ለመቀነስ ትገደዳለችና።

ስቴቱ የሚሰጠው

በሜሪላንድ አብዛኛው የስቴት ገንዘብ የሚታየው ማርች 1 ድረስ ለገባ ፎርም ነው። የፌዴራሉ ቀን የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ጁን 30 ድረስ የተዘረጋ ስለሆነ ሰዎች ይዘናጋሉ። የሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል፤ ሌላው ድጋፍ ያልሸፈነውን ክፍያ ይሸፍናል። ዳካ (በልጅነታቸው ያለ ወረቀት ለመጡ የሚሰጥ ከለላ) ያላቸው፣ ቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ለሆነች የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ) ብቻ ያላቸው፣ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ለፌዴራሉ አይበቁም፤ ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ግን ይበቃሉ። ለፌዴራል የማይበቁና የሜሪላንድን ድሪም አክት መስፈርት የሚያሟሉ የስቴቱን የራሱን ማመልከቻ ይሞላሉ። ቨርጂኒያ ዘመድ ካላችሁ ጂ-ስሪ የተባለውን የስቴት ድጋፍ፣ ሚኒሶታ ካላችሁ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ፣ ሲያትል ካላችሁ ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንትን ጠይቁ።

ፎርሙ ከገባ በኋላ

ቅዳሜያችሁ እዚህ ጋ ያልቃል፤ ገንዘቡ የሚጠፋውም ከዚህ ወዲያ ነው። «አስገብተናል» ማለት ሁሉም ፈርሟል ማለት አይደለም። ሁኔታው «በሂደት ላይ» ካለ አንድ ሰው አልፈረመም ማለት ነው። «ተጠናቋል» እስኪል ድረስ በየሦስት ቀኑ ይግቡና ይዩ፤ ሁሉም ከፈረመ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

ከዚያ የኮሌጁን ፖርታል ክፈቱ። ፋፍሳው ኮሌጁ ዘንድ ደርሶም ከተማሪው መዝገብ ጋር የማይገናኝበት ምክንያት ይታወቃል፦ ተማሪው ለኮሌጁ ሲመዘገብ ሶሻሉን አልጻፈም፣ ወይም ስሙን በሌላ አጻጻፍ ጽፏል። ኮሌጁ መልእክት የሚልከው ለተማሪው በሰጠው ኢሜይል ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ያን ኢሜይል አይከፍቱትም። በስልካቸው ላይ ጫኑላቸው። መልእክቱ «ቬሪፊኬሽን» የሚል ከሆነ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የታክስ ትራንስክሪፕት፣ የቤተሰብ ቁጥር ወይም ማንነት ማጣሪያ ነው። በሐሰተኛ ተማሪዎች ምክንያት ከ2025 ወዲህ የማንነት ማጣሪያው ጠብቋል፤ መታወቂያ ይዞ በአካል ወይም በቪዲዮ መቅረብ ይጠየቃል። የተጠየቀው ወረቀት በሳምንት ውስጥ ይግባ፤ የነሐሴ ወረፋ ረጅም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ብዙዎችን ያስቀራል። ተማሪው ዲግሪ ወይም ሰርተፍኬት በሚሰጥ ፕሮግራም ውስጥ መመዝገብ አለበት። «ገና አልወሰንኩም፣ ኮርስ ልሞክር» ብሎ ያለ ፕሮግራም የተመዘገበ ሰው ድጋፍ አያገኝም፤ ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ ኮርስም ለፔል አይቆጠርም። ክሬዲት የሌለው የእንግሊዝኛ ትምህርትም በፔል አይከፈልም። ኮሌጁ ከጠየቀ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያውም መቅረብ አለበት፤ ወረቀቱ ከጠፋ ከአገር ቤት እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ ጂኢዲ (በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምትክ የሚያገለግል ፈተና) መውሰድ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

ፔል በክሬዲት ይመተራል። 12 ክሬዲት ሙሉ ነው፤ 9 ክሬዲት 75 በመቶ፣ 7 ክሬዲት 58 በመቶ፣ 6 ክሬዲት 50 በመቶ ነው። ሙሉ ፔል ያለው ተማሪ በሴሚስተር ወደ 3,697 ዶላር ያገኛል፤ በ9 ክሬዲት ወደ 2,773 ይወርዳል። ሥራ የሚበዛበት ልጅ 12 ይዞ ሁለቱን ከሚጥል 9 ይዞ ቢያልፍ ይሻለዋል። ሥራ በዝቶበት ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ የተወ ተማሪ ከተሰጠው ገንዘብ ላይ ያልተማረበትን ድርሻ ይመልሳል፤ ኮሌጁ ለመንግሥት ከፍሎ ዕዳውን ለተማሪው ይጽፍበታል፤ ያ ዕዳ ሳይከፈል ደግሞ መመዝገብ ይከለከላል። መውጣት የሚፈልግ ልጅ ከማንም በፊት የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮውን ያናግር። ከዚህ ሌላ ውጤት በየሴሚስተሩ ይታያል፦ በአብዛኛው ኮሌጅ አማካይ 2.0 እና ከተያዘው ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ይጠየቃል። በሕመም ወይም በሐዘን የወደቀ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የሐኪም ወረቀት ወይም የሞት ማስረጃ ከኢትዮጵያም ቢሆን ይያያዝ።

የሽልማት ደብዳቤው (የተፈቀደውን ድጋፍ የሚዘረዝረው) ሲመጣ ሎኑና ግራንቱ (የማይመለሰው ድጋፍ) አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ልጁ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ከመጫኑ በፊት አብራችሁ እዩት፤ ግራንቱን ተቀብሎ ሎኑን መተው ይችላል፤ ካስፈለገው በሴሚስተሩ መሐል መልሶ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ፋፍሳ በነፃ የሚሞላ ነው፤ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ ቤተሰቡ ሶሻሉን ሳይሰጥ ይውጣ።

ለሦስቱ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ይህ ነው፦ የጎንደሮቹን ወላጆች ቀጠሮ ያዙላቸው፤ ለኡበር ነጂዋ እናት የ2024 ታክሷን አምጡና የትዳር ሁኔታዋን ከፋፍሳው ጋር አስተያዩ፤ ለነርሲንጓ ተማሪ የዲግሪውን መልስ አርሙና የኮሌጁን የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፈቱላት። ወደ ፌዴራሉ የእርዳታ መስመር በ1-800-433-3243 ስትደውሉ ተማሪው ወይም ወላጁ ራሱ መስመሩ ላይ ይኑር፤ ለሌላ ሰው አይናገሩም።